አድማጭን ከተቀመጠበት ማንሳት፦ የማሳመኛ ንግግር እንዴት ይነደፋል?

  

ከማኅበራችን ልጆች አንዷ በቅርቡ አራት ገጽ ወረቀት ይዛ ወደ እኛ መጣች። ይህች ልጅ በእናንተ በለጋሾች ድጋፍ ትምህርቷን ጀምራ ዛሬ የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆናለች፤ አልሐምዱ ሊላህ። የንግግር ጥበብ መምህሯ እያንዳንዱ ተማሪ በመረጠው ጉዳይ ላይ የክፍል ጓደኞቹን የሚያሳምን የሰባት ደቂቃ ንግግር እንዲያቀርብ አዘዋል። እርሷ የመረጠችው ደም መለገስን ነው። ምርጫዋ ያለ ምክንያት አልነበረም። አባቷ የሞተው እናቷ ታናሽ ወንድሟን እርጉዝ ሳለች ሲሆን፣ እናቷም በወለደች ሌሊት ደም ፈሷት ሕይወቷ አልፏል።

ወረቀቱን አነበብነው። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ስለዚያች ሌሊት የሚናገር ነበር። ያነበበ ሁሉ ሊያለቅስ ይችላል። ይሁን እንጂ ንግግሩ እንባ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። እርሷም ይህን ራሷ አውቃው ኖሮ፣ «ኡስታዝ፣ ይህን ባነብላቸው ክፍሉ ያለቅሳል። ካለቀሱ በኋላ ግን ምን እንደምላቸው አላውቅም» አለችን።

ይህ ጥያቄ የአንዲት ተማሪ ብቻ አይደለም። በመስጊድ ሶደቃ የሚያሰባስብ ወንድም፣ በሠርግና በሐዘን ቤት ስለ የቲሞች የምትናገር እህት፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ሐሳብ የሚያቀርብ አባት፣ ሁሉም ከዚሁ ጥያቄ ፊት ይቆማሉ። ስለሆነም ከልጃችን ጋር ያጠናነውን ትምህርት በዚህ እትም ለአንባብያን ማቅረቡ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

1. ማሳመን ከማስረዳት በምን ይለያል?

የሚያስረዳ ንግግር ለአድማጩ ዕውቀት ይጨምራል። የሚያሳምን ንግግር ግን ከአድማጩ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ወይ አስተያየቱን እንዲለውጥ፣ ወይ አንድ ሥራ እንዲሠራ። የሚጠይቀው ነገር ያልታወቀ ንግግር የቱንም ያህል ቢያምር አያሳምንም፤ አድማጩ «መልካም ተናገረ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ስለዚህ በንድፉ ወረቀት አናት ላይ ከሁሉ በፊት የሚጻፈው የዓላማ ዓረፍተ ነገር ነው። «ንግግሬ ሲያበቃ አድማጮቼ ይህን እንዲያደርጉ እፈልጋለሁ» የሚል ሆኖ፣ የሚከተሉትን አራት ነገሮች ማሟላት አለበት።

ሀ/ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ። ሦስት ነገር የተጠየቀ ሰው አንዱንም አያደርግም።
ለ/ በእነዚህ አድማጮች አቅም የሚቻል ይሁን።
ሐ/ ጊዜውና ቦታው የታወቀ ይሁን።
መ/ መፈጸሙና አለመፈጸሙ ሊታይ የሚችል ይሁን።

ልጃችን በመጀመሪያ የጻፈችው «ሰዎች ስለ ደም ልገሳ እንዲያስቡ» የሚል ነበር። ይህ ዓላማ ልክ የለውም፤ ማሰቡን ማን ያያል? መቼስ ያልቃል? ከብዙ ውይይት በኋላ እንዲህ አስተካከለችው፦ «የክፍል ጓደኞቼ በመጪው ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ከእኔ ጋር ወደ ደም ባንክ ሄደው እንዲለግሱ እፈልጋለሁ።» ይህ ዓረፍተ ነገር ከተጻፈ በኋላ ከአራቱ ገጾች የትኛው እንደሚያስፈልግና የትኛው እንደማያስፈልግ ለራሷ ታያት።

2. በሐበሻ ምድር የተደረገ የማሳመኛ ንግግር

ስለ ንግግር አነዳደፍ ምሳሌ ስንፈልግ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። በ615 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከመካ ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ለማስመለስ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ልከው ነበር። ታሪኩን ያስተላለፉልን ራሳቸው ከስደተኞቹ መካከል የነበሩት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናቸው።

የሁለቱ መልእክተኞች ስልት ልብ ሊባል ይገባዋል። ለንጉሡ ለነጃሺና ለሹማምንቱ ለካህናቱ የቆዳ እጅ መንሻ አቀረቡ። ንጉሡ የስደተኞቹን ቃል ሳይሰማ አሳልፎ እንዲሰጣቸው ካህናቱ እንዲመክሩት አስቀድመው ተስማሙ። ከምንም በላይ የፈሩት ንጉሡ ስደተኞቹን እንዳይሰማ ነበር። ነጃሺ ግን ሳይሰማ መፍረድን እምቢ አለ። ለስደተኞቹም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአጎት ልጅ የሆነው ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ተናገረ።

የንግግሩን ቃል ሳይሆን አካሄዱን ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

አንደኛ፣ ከራሱ ሕዝብ ጉድለት ጀመረ። ጣዖት ያመልኩ እንደነበር፣ በክት ይበሉ እንደነበር፣ ዝምድና ይቆርጡና ጎረቤት ይበድሉ እንደነበር፣ ብርቱው ደካማውን ይበላ እንደነበር አልሸሸገም። የራሱን ነውር የሚናገር ሰው ሌላውን ሲናገር ይታመናል።

ሁለተኛ፣ ለውጡ በማን እንደመጣ ተናገረ። መልእክተኛውን በባዶ አላወደሰም፤ ዘሩ፣ እውነተኛነቱና ታማኝነቱ በወገኖቹ ዘንድ የታወቀ መሆኑን ጠቀሰ። ይህ ባላጋራዎቹ እዚያው ቆመው ሊክዱት የማይችሉት ምስክርነት ነበር።

ሦስተኛ፣ መልእክተኛው ያዘዛቸውን ዘረዘረ፦ አንዱን አላህ ማምለክ፣ እውነት መናገር፣ አደራ መመለስ፣ ዝምድና መቀጠል፣ ለጎረቤት በጎ መዋል። ከከለከላቸውም መካከል የየቲምን ገንዘብ መብላት ይገኝበታል። እነዚህ ሁሉ ክርስቲያኑ ንጉሥ ሲሰማ «ይህስ መልካም ነው» የሚላቸው ናቸው። ጃዕፈር በሚስማሙበት ጀመረ እንጂ በሚለያዩበት አልጀመረም።

አራተኛ፣ በደሉን ተናገረ። በዚህ እምነታቸው ምክንያት ወገኖቻቸው እንዳሠቃዩአቸውና ወደ ጣዖት አምልኮ ሊመልሷቸው እንደታገሉ በአጭሩ አስረዳ። ቁስሉን ገልጦ አላሳየም፤ እንዲታዘንለትም አልለመነም።

አምስተኛ፣ ጥያቄውን አቀረበ። ከሌሎች ነገሥታት ይልቅ የእርሱን ጥበቃ መርጠው እንደመጡ፣ በእርሱ ዘንድ እንደማይበደሉም ተስፋ እንዳላቸው ነገረው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ያንንም በዚያ አዳራሽ ሊፈጽመው የሚችል አንድ ሰው፣ ንጉሡ ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነጃሺ ነቢዩ ካመጡት ነገር አንዳች እንዲያሰማው ጠየቀ። ጃዕፈርም ከቁርኣን ሁሉ መርጦ የሱረቱ መርየምን መግቢያ ቀራለት። ስለ ዘከርያ፣ ስለ የሕያ፣ ስለ መርየምና ስለ ልጇ የሚናገረውን ማለት ነው። ንጉሡ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ፤ ካህናቱም አለቀሱ። ልብ እንበል! እንባው የመጣው በንግግሩ መጨረሻ፣ ምክንያቱ ሁሉ ከተነገረ በኋላ፣ አድማጩ ራሱ ሲጠይቅ ነው።

3. ሦስቱ ምሰሶዎችና አምስቱ እርከኖች

የግሪኩ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ ማሳመን በሦስት ነገሮች ይቆማል ብሎ አስተምሯል፦ በተናጋሪው ማንነትና ታማኝነት፣ በአድማጩ ስሜት፣ በራሱ በንግግሩ ውስጥ ባለው ምክንያት። ስለ ንግግር ጥበብ የጻፈው መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ ተተርጉሞ የሙስሊም ሊቃውንት አጥንተውታል፤ በ1198 እ.ኤ.አ. ያረፈው ኢብኑ ሩሽድም ማብራሪያ ጽፎለታል። የጃዕፈርን ንግግር በዚህ መለኪያ ያየ ሰው ሦስቱንም በየቦታቸው ያገኛቸዋል። የልጃችን ወረቀት ግን በአንዱ ምሰሶ፣ በስሜት ብቻ የቆመ ነበር። በአንድ ምሰሶ የቆመ ቤት ደግሞ አይጸናም።

ስለ ቅደም ተከተሉ በ1930ዎቹ አለን ሞንሮ የተባለ አሜሪካዊ የንግግር መምህር ያዘጋጀው ባለ አምስት እርከን ዘዴ ዛሬም በየኮሌጁ ይሰጣል። እርከኖቹ የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ/ ትኩረት፦ አድማጩ ጆሮውን እንዲሰጥ ማድረግ፤
ለ/ ችግር፦ አሁን ያለው ሁኔታ እንዲሁ ሊቀጥል እንደማይገባ ማሳየት፤
ሐ/ መፍትሔ፦ ችግሩን የሚፈታውን ሥራ ማቅረብ፣ ለሚነሡ ጥርጣሬዎችም መልስ መስጠት፤
መ/ ዕይታ፦ ሥራው ቢሠራና ባይሠራ የሚሆነውን በዓይነ ኅሊና ማሳየት፤
ሠ/ ጥሪ፦ «አሁን ይህን አድርጉ» ማለት።

ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። ችግሩ ያልታየው ሰው መፍትሔ አይፈልግም። መፍትሔው ያልተነገረው ሰውም ችግሩን ሰምቶ ተስፋ ይቆርጣል፤ ራሱን ለመጠበቅም ልቡን ይዘጋል። ልቅሶ ብቻ የሰማ አድማጭ ኪሱን የማይፈታውና እግሩን የማያነሣው ጨካኝ ስለሆነ ሳይሆን፣ ምን ማድረግ እንደሚችል ስላልተነገረው ነው።

4. የልጃችን ንድፍ

ንድፉን ለማዘጋጀት መጀመሪያ ወደ ደም ባንክ ሄዳ ባለሙያዎችን ጠየቀች፤ የሰማችውንም በማስታወሻ ጻፈች። ከዚያም በአንድ ገጽ ይህን አዘጋጀች። እያንዳንዱ ነጥብ አጭር መሆኑን አስተውሉ፤ ንድፍ አጥንት እንጂ ሥጋ አይደለም።

ዓላማ፦ ጓደኞቼ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ከእኔ ጋር ሄደው ደም እንዲለግሱ።
ዋና ሐሳብ፦ ደም በፋብሪካ አይሠራም፤ ለምትደማ እናት የሚደርስላት ከመድማቷ በፊት የተለገሰ ደም ነው።

መግቢያ (1 ደቂቃ)
1/ የግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ከፍ አድርጎ ማሳየት፦ «አንዲት እናት ከወለደች በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ይህን ያህል ወይም ከዚህ በላይ ደም ከፈሰሳት አደጋ ላይ ናት። አንድ ለጋሽ የሚሰጠውም ከዚህች ጠርሙስ ጥቂት ያነሰ ነው።»
2/ ለምን እንደምናገር፦ «ደም ባንክ ሄጄ ጠይቄአለሁ፤ እኔም ራሴ ለግሻለሁ።»
3/ ዋናውን ሐሳብ መናገር።

ችግሩ (2 ደቂቃ)
1/ ደም የሚገኘው ከሰው ብቻ ነው፤ ሌላ ምንጭ የለውም።
2/ ለረጅም ጊዜ አይቀመጥም። ቀይ የደም ሕዋስ ቢበዛ 42 ቀን ያህል፣ ፕላትሌት የሚባለው የደም ክፍል ደግሞ አምስት ቀን ያህል ብቻ ይቆያል። ስለሆነም ዛሬ ሞልቶ የነበረው ማቀዝቀዣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባዶ ሊሆን ይችላል።
3/ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ደም መፍሰስ በዓለም ላይ ለእናቶች ሞት ቀዳሚው ቀጥተኛ ምክንያት ነው። ሞቱም በሰዓታት ውስጥ ሊመጣ ይችላል። ደም መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ለጋሽ መፈለግ የዘገየ ነው።

መፍትሔው (2 ደቂቃ)
1/ ጤነኛ የሆነ፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነና ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል።
2/ «ያደክመኛል» ለሚል፦ በአዋቂ ሰው ውስጥ አምስት ሊትር ያህል ደም አለ። የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ፈሳሹ በአንድ ወይም በሁለት ቀን፣ ሕዋሱም በሳምንታት ውስጥ ይተካል።
3/ «መርፌው በሽታ ያስይዘኛል» ለሚል፦ መርፌው አዲስ ነው፤ ለአንድ ሰው ካገለገለ በኋላ ይወገዳል።
4/ «ዘመዴ ሲታመም እሰጣለሁ» ለሚል፦ የዘመድ ደም ሁልጊዜ አይገጥምም። ደግሞም የተለገሰ ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ብግነትና ለቂጥኝ ሳይመረመር ለታማሚ አይሰጥም፤ ምርመራው ጊዜ ይወስዳል።

ዕይታ (1 ደቂቃ)
ሁለት ሌሊቶች፦ በአንደኛው ሐኪሙ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ደሙን ያወጣል፤ በሁለተኛው የባሏ ወንድም በጨለማ በየቤቱ ደም የሚሰጥ ይፈልጋል።

ጥሪ (1 ደቂቃ)
«ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት በግቢው በር እጠብቃችኋለሁ። ፈቃደኛ የሆነ በዚህ ወረቀት ላይ ስሙን ይጻፍ።»

በመካከሉ ያሉትን መሸጋገሪያ ዓረፍተ ነገሮች ለየብቻ እንድትጽፋቸው መከርናት። ከችግሩ ወደ መፍትሔው ስታልፍ «ታዲያ ማቀዝቀዣው ባዶ እንዳይሆን ማድረግ የሚችለው ማን ነው?» ትላለች። መሸጋገሪያ ከሌለው አድማጩ ክፍሎቹን የሚያገናኛቸውን ገመድ ያጣል።

5. የእናቷ ታሪክ የት ይግባ?

ንድፉ ሲያልቅ ልጃችን ዝም አለች። ከዚያም «ኡስታዝ፣ እናቴ የለችበትም እኮ» አለችን።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ልንነግራት ግድ ሆነብን፤ ለእናንተም ለውድ አንባብያን አንሸሽገውም። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት ላይ ተናጋሪዎቹ እኛ ነበርን። ንግግራችን አልተነደፈም፤ ምክንያትም ማስረጃም አላዘጋጀንም። በዚህ ፈንታ የዘጠኝ ዓመት የቲም ልጅ መድረክ ላይ አቁመን፣ አባቱ እንዴት እንደሞተ በሕዝብ ፊት እንዲናገር አደረግነው። ሕዝቡ አለቀሰ፤ ብዙ ገንዘብም ተሰበሰበ። እኛም ደስ ብሎን ወደ ቤታችን ገባን። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ከመድረሳ ቀረ። ሄደን ብንጠይቀው አንገቱን ደፍቶ፣ «ልጆቹ የለቅሶው ልጅ ይሉኛል» አለን።

ያን ጊዜ ያልገባን ነገር ይህ ነበር፦ እንባው የሕዝቡ፣ ገንዘቡ የማኅበሩ፣ ዋጋው ግን የተከፈለው በልጁ ነው። የየቲምን ገንዘብ መብላት እንዴት ከባድ ኃጢአት እንደሆነ በመድረሳ ስናስተምር ኖረናል። የየቲምን ክብር መብላትም እንዳለ ያስተማረን ያ ልጅ ነው። አላህ ይቅር ይበለን።

ስለዚህ የሰው ሐዘን በንግግር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ እንላለን።

አንደኛ፦ ታሪኩ የማን ነው? ባለቤቱ ሳይፈቅድ፣ ሕፃንም ከሆነ የሚፈቅደውን ነገር ክብደት ሳያውቅ፣ ታሪኩ አይነገር።
ሁለተኛ፦ ታሪኩ ቢወጣ ንግግሩ ይቆማል? ካልቆመ የጎደለው ማስረጃ ነውና ማስረጃው ይፈለግ።
ሦስተኛ፦ ንግግሩ ካበቃ በኋላ ባለታሪኩ በነገው ቀን ከእነዚህ አድማጮች ጋር እንዴት ይኖራል? የሚያዝኑለት ሰው ሆኖ ነው ወይስ የሚያከብሩት?

ልጃችን የአዋቂ ዕድሜ ላይ ደርሳለች፤ ታሪኩም የራሷ ነው። ስለሆነም «አስገቢው» ወይም «ተዪው» አላልናትም። «አብሽሪ ልጄ፣ ሐቁ ያንቺ ነው፤ አስቢበትና ወስኚ» ብለን ሸኘናት። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሳ ስትመጣ በንድፉ ላይ፣ በዕይታውና በጥሪው መካከል፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምራበት ነበር፦ «ሁለተኛውን ሌሊት አውቀዋለሁ፤ እናቴ የሞተችበት ሌሊት ነው።» ከዚያ በላይ ቃል አልጨመረችም። አራት ገጽ የነበረው ሐዘን በአንድ መስመር ገባ፤ ቦታውንም ሲያገኝ ኃይሉ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

6. ስለ እውነት

የጃዕፈር ታሪክ በመጀመሪያው ቀን አላበቃም። በማግስቱ ዐምር ወደ ንጉሡ ተመልሶ፣ ስደተኞቹ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ከባድ ነገር ይናገራሉ ብሎ ከሰሰ። ሙስሊሞቹ ተጨነቁ። ነገር ግን የመጣው ይምጣ ብለው አላህ የተናገረውንና ነቢያቸው ያስተማሯቸውን ብቻ ሊመልሱ ወሰኑ። ጃዕፈርም ሳይሸፋፍን ተናገረ። ነጃሺም በምድሩ በሰላም እንዲኖሩ ፈቀደላቸው፤ የመልእክተኞቹንም እጅ መንሻ መለሰ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለአድማጭ የሚስማማውን ማስቀደም ብልሃት መሆኑን፣ ለአድማጭ ሲሉ እውነትን መለወጥ ግን ማታለል መሆኑን ነው። ተናጋሪ ቅደም ተከተሉን ይመርጣል፤ እውነቱን ግን አይመርጥም። ያልተረጋገጠ ቁጥር፣ የተጋነነ ታሪክ፣ «በሺህ የሚቆጠሩ» የሚል ልክ የሌለው ቃል ከንግግሩ ይውጣ። ልጃችንም ከሰው የሰማቻቸውንና ማረጋገጫ ያላገኘችላቸውን ሁለት ቁጥሮች ሰርዛለች። ከሰባት ደቂቃ ንግግር አንዱ ቁጥር ሐሰት ሆኖ ከተገኘ የቀረውም አይታመንም።

ተናጋሪው ለሚጠራበት ሥራ ቀዳሚ መሆኑም የእውነት ክፍል ነው። ልጃችን ከንግግሩ በፊት በነበረው ሳምንት ራሷ ለገሰች። «ሂዱ» ከማለት «ከእኔ ጋር እንሂድ» ማለት ይበልጣል።

7. ከንድፍ ወደ መድረክ

የሚከተሉት ምክሮች ለማንኛውም ተናጋሪ ይጠቅማሉ።

ሀ/ ንድፉን በአንድ ገጽ ወይም በትንንሽ ካርዶች ይያዙ። ሙሉውን ጽፎ የሚያነብ ሰው ዓይኑ ከወረቀቱ፣ ልቡም ከአድማጩ ይለያያል።
ለ/ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብቻ በቃል ያጥኑ። ፍርሃት የሚበረታው በመጀመሪያው ላይ ነውና።
ሐ/ ድምፅ አውጥተው ሰዓት ይዘው ይለማመዱ። ጊዜው ካለፈ ፍጥነት አይጨምሩ፤ ነጥብ ይቀንሱ።
መ/ ቤተሰብዎን አስቀምጠው ከተናገሩ በኋላ «ምን አድርጉ አልኳችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ሁሉም አንድ መልስ ከሰጡ ንድፉ ደህና ነው። የተለያየ መልስ ከሰጡ ወደ ዓላማው ዓረፍተ ነገር ይመለሱ።
ሠ/ ጥሪውን ካቀረቡ በኋላ አዲስ ሐሳብ አይጨምሩ።

ልጃችን በቀኑ ተናገረች። ክፍሉ አላለቀሰም። ያቺን አንዲት መስመር ስትናገር ግን ጸጥ ብሎ እንደነበር ነገረችን። ወረቀቱ ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ስማቸውን ጻፉ። ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት በበሩ የተገኙት ግን ስድስት ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዷ የደሟ መጠን ዝቅ ብሎ በመገኘቱ ለጊዜው ተመለሰች። ልጃችን «አምስት ብቻ» ብላ አዘነች። እኛ ግን ጠርሙሷን አስታወስናት፤ አምስት ለጋሾች ማለት ከሁለት ሊትር በላይ ደም ማለት ነው። ያን ሌሊት ይህ ያህል ደም በማቀዝቀዣው ውስጥ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላህ ያውቃል። እርሷም ይህን ሰምታ ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያም ከሦስት ወር በኋላ የምትሄድበትን ቀን በማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ትምህርታችንን የምንቋጨው ወደ ጃዕፈር (ረ.ዐ.) በመመለስ ነው። አባቱ አቡ ጧሊብ የቲም የነበሩትን ነቢይ በቤቱ ያሳደገ ሰው ነው። ልጁ ጃዕፈር ደግሞ በነጃሺ ፊት የየቲም ገንዘብ እንዳይበላ መታዘዛቸውን መሰከረ። በ629 እ.ኤ.አ. በሙእታ ዘመቻ ሲሰዋ የራሱ ልጆች የቲም ሆኑ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ኃላፊነታቸውን ወሰዱላቸው። በዚያ አዳራሽ የተነገረው ቃል ከዓመታት በኋላ በተናጋሪው ልጆች ላይ ሥራ ሆኖ ታየ። ከንግግር የሚፈለገውም ይኸው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች (በቤተሰብ ወይም በመድረሳ)

1/ ጃዕፈር ንግግሩን ከራሱ ሕዝብ ጉድለት መጀመሩ ምን ጠቀመው?
2/ ስለ አንድ የቲም ልጅ የትምህርት ወጪ ለጎረቤቶቻችሁ ብትናገሩ፣ የዓላማ ዓረፍተ ነገራችሁ ምን ይሆናል? አራቱን መመዘኛዎች ያሟላል?
3/ የልጁን ስምና ታሪክ ሳትጠቅሱ ንግግሩን እንዴት ታቆሙታላችሁ?

አላህ ምላሳችንን በእውነት፣ ሥራችንንም በኢኽላስ ያስውብልን። የቲሞቻችንን በክብር የሚያሳድግ ኅብረተሰብ ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።